መጥበሻ ያለው ጫካ

ሥጋው ተቆርጧል። ሽንኩርቱ ተከትፏል። አዋዜው በብልቃጥ ተሞልቷል። ቦታ ግን የለንም።

የገና ማግስት ነው፣ ታኅሣሥ 30። ታላቅ እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከሜልቦርን ለበዓሉ መጥታለች። አራት ኪሎ እማዬ ቤት ተሰብስበን ቁርስ ስንበላ "ዛሬ ደግሞ ውጭ ወጥተን እንጥበስ" የሚል ሐሳብ መጣ። ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገውም እዚያው ሜልቦርን ነው። ለእሱ ልደትም ይሁን በዓል፣ የትምህርት ቤት መዝጊያም ይሁን ተራ ቅዳሜ፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ የሚደረገው ነገር አንድ ነው፤ ፓርክ ተሄዶ ዛፍ ሥር ሥጋ ይጠበሳል። "አክስቴ፣ እዚህ ፓርክ ውስጥ ስንት መጥበሻ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ስንት አለ ነው ያለው።

መልስ አጣሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን በደንብ ገብቶኛል፤ ምክንያቱም አምና እዚያው አገሩ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያንን ቀን ሳልነግራችሁ የዘንድሮውን መናገር ስለማልችል ከእሱ ልጀምር።

አምና ፋሲካን ከእህቴ ጋር ለማሳለፍ ሄጄ ነበር። እዚያ በዚያ ሰሞን ቅዝቃዜው ሊገባ ሲል ነው፤ ጠዋት ጠዋት የእንጦጦ ብርድ ይመስላል። ጾሙ ተፈታ፣ ቅዳሜ ደረሰ፣ ሦስት የሐበሻ ቤተሰብ ሆነን በሦስት መኪና ክራንበርን ወደሚባል ቦታ ሄድን። ከሜልቦርን መሃል ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። እህቴ "የዕፅዋት ማዕከል ነው" ስትለኝ በሐሳቤ የሣልኩት የተከረከመ ሣር፣ በመስመር የተተከለ ጽጌረዳ፣ መሃሉ ላይ ፏፏቴ ነበር። ስንደርስ ያገኘሁት ጫካ ነው። ቁጥቋጦ። 363 ሄክታር መሬት፣ አብዛኛው እንደ ተፈጥሮው የተተወ፣ በመሃሉ የእግር መንገድ ብቻ የሚያልፍበት። መግቢያው ደግሞ በነፃ ነው።

አንዱ ክፍል ግን በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ የአውስትራሊያ አትክልት ስፍራ ይሉታል። ድሮ አሸዋ ይወጣበት የነበረ ቦታ ነው። ተቆፍሮ፣ ተራቁቶ የቀረ መሬት። እዚያ ላይ የአገራቸውን ተክል ብቻ ተከሉ። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2006 ተከፈተ፣ በ2012 ደግሞ ተጠናቀቀ። ከየአውራጃው፣ ከበረሃውም ከባሕር ዳሩም ያለ ተክል አለ፤ መሃሉ ላይ የበረሃቸውን መልክ የሚያሳይ ሰፊ ቀይ አሸዋ ተዘርግቷል። ከእንግሊዝ የመጣ ጽጌረዳ የለም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ጃካራንዳ የለም። እያንዳንዱ ተክል ሥር ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። እኔ ደግሞ ሰሌዳ ማንበብ ስለምወድ እህቴ ሦስት ጊዜ እየተመለሰች ጠርታኛለች።

ምግቡ ከጫካው በኩል ካለው የሽርሽር ቦታ ነው። ስሙ ስትሪንጊባርክ ይባላል። ልጡ እንደ ቃጫ ክር ክር የሚል የባሕር ዛፍ ዓይነት ስም ነው፤ ቦታውን የሰየሙት በዛፉ ነው ማለት ነው። እዚያ ከጠረጴዛዎቹ አጠገብ መጥበሻዎቹ ተደርድረዋል። ቁመቱ ወገብ የሚደርስ መደብ፣ ላዩ ላይ ለጥ ያለ ብረት። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ብረቱ ይግላል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል፣ እንደገና ትጫናላችሁ። ጭስ የለም። ነበልባል የለም። ሳንቲም አይጠይቅም። የሚጠብቅ ሰውም የለም። አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ያለው መጥበሻ በየፓርኩ አለ፣ በየባሕር ዳርቻው አለ፣ ሰዉም እንደ ቧንቧ ውኃ ነው የሚያየው።

ነበልባል የሌለው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። የባሕር ዛፍ ጫካ ነው እኮ። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ልጡ ደረቅ ነው፣ በጋቸው ሲግል አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። በጋው ሲበረታ "ዛሬ በጠቅላላው እሳት ክልክል ነው" ተብሎ የሚታወጅበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ውጭ እንጨት ወይም ከሰል ማንደድ ያስቀጣል። ስለዚህ እሳቱን አልከለከሉም፤ መልኩን ቀየሩት። ሰውና ዛፍ ሳይጣሉ አብረው እንዲውሉ መላ ዘየዱ። ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ብረቱን መጋራታቸው ነው። ከእኛ በፊት ሲጠብስ የነበረ አባት ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ብረቱን በመፋቂያ ፋቀው፣ በወረቀት ወለወለው፣ "የእናንተ ነው" ብሎን ሄደ። እኛ በአንዱ ጫፍ ጎድኑን ስንደረድር በሌላው ጫፍ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ መጥቶ ብረቱ ላይ ፎይል ዘርግቶ የራሱን ሥጋ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ሥጋ የማይበሉ ባልና ሚስት መጡ፤ እነሱም ፎይላቸውን ዘርግተው ድንችና በቆሎ ጠበሱ። ማንም ማንንም አላስቸገረም። እህቴ "በጾም ስንመጣ እኛም እንደዚሁ ነው የምናደርገው፤ ፎይል አንጥፈን አትክልት እንጠብሳለን" አለችኝ። እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ይህ ነገር የተፈጠረው ለእኛ ነው ብዬ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ሐምሳ አምስት ቀን ጾሞ በዓሉን በሥጋ የሚቀበል፣ ጎረቤቱ የሌላ እምነት የሆነ፣ በአንድ ማዕድ መብላት የሚወድ ሕዝብ!

ስንበላ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጥንቸል የሚያህል፣ አፍንጫው የሾለ እንስሳ ሮጦ በጠረጴዛችን ሥር አለፈ። ባንዲኩት ይባላል። ቁጥሩ እየቀነሰ ስለሄደ የሚጠበቅ እንስሳ ነው፤ ውሻ ይዞ መግባት የተከለከለውም ለዚሁ ነው። የእህቴ ልጅ ዞር ብሎ እንኳን በወጉ አላየውም። ለመደው።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ ልመለስ። ምግቡ አልቆ ሌሎቹ ቡና ሲያፈሉ (አዎ፣ ረከቦቱን ይዘው ነው የመጡት) ብቻዬን ትንሽ ራቅ ብዬ ሄድኩ። እኔ አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ባሕር ዛፍ ለእኔ ማለት የእንጦጦ ተራራ ነው፣ ጉንፋን ሲይዘን እማዬ የምታጥነን ቅጠል ነው፣ ጎንበስ ብለው ተራራውን የሚወርዱ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ናቸው፣ የቤታችን ማገር ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል፤ ግን ማን ስሙን ያዳምጣል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ እሱም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን እዚሁ ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ዘንድ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና የቪክቶሪያ ደቡብ ነው። ሜልቦርን የቪክቶሪያ ዋና ከተማ ናት። ስለዚህ እኔ ሳላውቀው የእንጦጦን ዛፍ ዘመዶች ልጠይቅ ሄጄ ነበር ማለት ነው።

እና ምን አየሁ መሰላችሁ? ባሕር ዛፍ በአገሩ ብቻውን አይደለም። እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ስታዩ ብዙውን ጊዜ የረገፈ ቅጠልና የተራቆተ አፈር ነው። እዚያ ግን ሥሩ ቁጥቋጦ አለ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ሣር አለ፣ ከሣሩ ውስጥ አበባ አለ፣ ላዩ ላይ ወፍ ይንጫጫል፣ ግንዱ ውስጥ የሚያድር እንስሳ አለ። ዛፉ ያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ግን አብሮት ነው። እኛ አንዱን ብቻ ነጥለን አምጥተን እንጂ ክፉ ዛፍ ሆኖ አይደለም። ያን ቀን እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለእህቴ ማስረዳት አልቻልኩም። የእኛስ ዛፍ ዘመድ አዝማዱ የት ነው ያለው? ብዬ ነው።

ዘንድሮ ወደ ገና ማግስት እንመለስ።

ሥጋውንና አዋዜውን ቅርጫት ውስጥ አድርገን፣ ትንሿን የከሰል ምድጃ በፌስታል ጠቅልለን፣ መሃል ከተማ ካሉት ፓርኮች ወደ አንዱ ሄድን። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ነበረች። በር ላይ ጥበቃው በትሕትና "እህቴ፣ ምግብ ውስጥ አይገባም፣ ምድጃም አይፈቀድም" አላት እህቴን። ልጁ "ለምን?" አለ። ጥበቃው "ሣሩ እንዳይበላሽ ነው የኔ ጌታ" አለው። ሰውዬው ሥራውን ነው የሠራው፤ ምንም አላስቀየመንም። ቅርጫቱን መኪና ውስጥ መልሰን ለእግር ጉዞ ብቻ ገባን።

እውነቱን ለመናገር ከተማው መሃል ያለው ለውጥ ደስ ይለኛል። ልጅ ሆነን አራት ኪሎ አካባቢ የምንቀመጥበት አረንጓዴ ቦታ አልነበረንም። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ወንበር አለ፣ ማታ መብራት አለ፣ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይወጣል። አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ ከመጡ ወዲህ በዓል ሲሆን ሰዉ የሚሄድበት አገኘ። ይህን ማንም አይክደኝም፤ እኔም አልክድም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ያሳየችን እማዬ ናት።

እማዬ ገጠር ተወልዳ ነው ያደገችው። ትንሿ የልጅ ልጇ እጇን ይዛ "እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?" እያለች ዛፉን ሁሉ ትጠይቃታለች። እማዬ መጀመሪያ ላይ ትሞክር ነበር። "ይሄ ዘንባባ ነው። ይሄ... የፈረንጅ ነው። ይሄም የፈረንጅ ነው።" ሦስተኛው ላይ ዝም አለች። ሰባ ሁለት ዓመት የኖረችበት አገር ላይ ቆማ ለልጅ ልጇ የዛፍ ስም መንገር አቃታት። በተቃራኒው ልጁ በደስታ ጮኸ። አበባው ቀይ ሆኖ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለ ዛፍ አይቶ "ይሄ እኛ ትምህርት ቤት አለ!" አለ። እውነቱን ነው፤ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ግራቪሊያ አገኘን፤ እሱም ከአውስትራሊያ ምሥራቅ የመጣ ነው። ልጁ መሃል አዲስ አበባ ላይ አገሩ እንዳለ ተሰማው። አያቱ ግን እንግዳ ሆነች።

ከዚያ ወጥተን ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት አሮጌ ደብሮች ወደ አንዱ "ገብተን እንሳለም" አለች። ተሳልመን ግቢውን ስንዞር እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። ድምፅዋ ከፍ አለ። ዱላዋን እየቀሰረች "ይሄ ወይራ ነው። ይሄ የእኛ ጥድ ነው፤ የፈረንጁ ጥድ ፍሬው ደረቅ ኳስ ይመስላል፣ የእኛው ግን እንደ ሰማያዊ ጨሌ ነው፣ እይ" ብላ ፍሬውን በመዳፏ አድርጋ ለልጁ አሳየችው። እኔ ራሴ ይህን ልዩነት አላውቅም ነበር። ለገና ቆርጠን የምናስጌጠው የፈረንጁን መሆኑንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ብሳናው ሥር ቆመን አንዳንዱ ቅጠል ወደ ብርቱካንማ መቀየሩን አሳየችን። አጥሩ ጥግ ላይ ሰንሰልና ግራዋ አገኘች፤ ግራዋውን ቀጥፋ "የጠላ ጋን የምናጥበው በዚህ ነው" አለች።

ኮሶው ጋ ስንደርስ ግን ረጅም ጨዋታ ሆነ። ኮሶ ሴትና ወንድ ዛፍ አለው። መድኃኒት የሚሆነው የሴቷ አበባ ነው፤ ዘለላው ቀላ ይላል። ድሮ ሰዉ ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ ሆዱ ውስጥ ትል ይይዘዋል፣ ከዚያ ኮሶ ይጠጣል። እማዬ አባቷ ኮሶ የሚጠጡበት ቀን እንግዳ እንደማይቀበሉ፣ ቤቱ ጸጥ እንደሚል ነገረችን። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ሰማ። "ስለዚህ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ ይህን ዛፍ ይፈልጋል?" አለ። አዎ፣ ድሮ እንደዚያ ነበር።

እኔ የምለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዛፎቻችንን የምናውቀው በወጥ ቤት በኩል ነው። ወይራን የምናውቀው የወተቱን ዕቃና የጠላውን ጋን ስለሚያጥንልን ነው። ጌሾን በጠላና በጠጅ፣ ዋንዛን በሚጣፍጠው ቢጫ ፍሬውና በከበሮው፣ ጥንጁትን በበዓል ጭሱ፣ እንዶድን በነጠላ እጥበት። (ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ነገር የደረሰበት እኮ እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ከልብስ እጥበት ተነስቶ የዓለም ሳይንስ ሆነ።) ዛፉን ከእሳቱና ከምግቡ ስትለዩት ልጁ ስሙን የሚያውቅበት ምክንያት ያጣል። ሣር ላይ ተቀምጦ የሚታይ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ክራንበርን ላይም አንድ ያየሁት ነገር አለ። አንዱ ሰሌዳ ላይ ዶዶኒያ የሚል አንብቤ ቅጠሉን ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ክትክታ ነው! የእኛው ክትክታ። ቤት ገብቼ ሳጣራ እውነትም ክትክታ ማንም ያላመጣው የሁለታችንም አገር በቀል ተክል ነው። እነሱ "ሆፕ ቡሽ" ይሉታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የቢራ ጌሾ ሲያጡ በእሱ ፍሬ ይጠምቁ ስለነበር ነው። እኛ ጌሾ ስላለን ክትክታውን ለማገዶና ለአጥር ተውነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት "እነሱም ጠላ አላቸው እንዴ?" ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ስለዚህ የምመኘውን ልናገር። ከግንፍሌ ወይም ከቀበና ወንዝ ዳር፣ መሃል ከተማ፣ አንድ መጠነኛ ቦታ። ጽጌረዳ አያስፈልግም። ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ይተከል። እነዚህ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ እኛ ጥላቸው ላይ ላንደርስ እንችላለን፤ ስለዚህ ቶሎ የሚደርሱት ብሳናና አንፋር መጀመሪያ ይግቡና ጥላ ያብጁላቸው። ከሥር አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም። የእኛ መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ የኤሌክትሪክ ብረት አያዋጣንም ብዬ አስባለሁ። የድንጋይ መደብ፣ ከላዩ የብረት ፍርግርግ፣ ከዛፎቹ ራቅ ብሎ፣ ዙሪያው በጠጠር የተነጠፈ። ከሰሉን ሰዉ ይዞ ይምጣ። አመድ መድፊያ በርሜልና የውኃ ቧንቧ ይኑር። በጋ ላይ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ "ዛሬ እሳት የለም" የሚል ሰሌዳ በር ላይ ይሰቀል፤ ሰዉም ያከብራል። ሰዉ ያቆሽሸዋል የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን ሰርግና ልቅሶ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተክሎ ሁለት መቶ ሰው አብልቶ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ ግቢውን ጠርጎ የሚመልስ ሰፈር ውስጥ ነው ያደግሁት። እድርተኛ ሕዝብ አንድ የብረት ፍርግርግ ፍቆ ለሚቀጥለው ሰው መተው ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ያን ቀን መጨረሻ የጠበስነው እማዬ ግቢ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ አራት አባወራ ይጋራዋል። ጥጉ ላይ ግን አንድ ወይራ አለ፤ እማዬ ከመግባቷ በፊትም እዚያው ነበር። ከእሱ ፈንጠር ብለን ምድጃውን አስቀመጥን፣ ከሰሉ ፍም እስኪሆን በማራገቢያ አራገብን፣ እህቴ የጥብስ ቅጠሉን በእጇ እያሸች ሥጋው ላይ በተነች። ጎረቤቶች ሽታው ጠራቸው። አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ዳጣ ይዛ መጣች። ጭልፊት ሰማዩ ላይ መዞር ጀመረ፤ ልጁ ሥጋ በሹካ ከፍ አድርጎ ሲሮጥ "ዝቅ አድርገው!" ብለን ሁላችንም ጮኽን። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። እሱ ግን ከባንዲኩት ጋር ያደገ ልጅ ነው።

ፍሙ ሊበርድ ሲል እማዬ ከወይራው ሥር የደረቀች ቅርንጫፍ አንስታ ሰብራ ጣል አደረገች። ጭሱ ተነሳ። ልጁ ዝም ብሎ ቆሞ ሳበው። "እማማ፣ ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ" አለ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሜልቦርን ቤቷ ጓዳ ውስጥ እማዬ የላከችላት ግሬራ አለ፤ ውስጡ በወይራ የታጠነ። ልጁ ትንሽ ሆኖ ክዳኑን እየከፈተ ያሸት ነበር።

ከዚያ ሮጦ ቤት ገባ። ካርቶን ቀደደ፣ እስክሪብቶ አምጥቶ እኔ ጎን ቁጭ አለ። "አክስቴ፣ ወ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አሳየሁት። ይ ትንሽ ተጣመመች፣ ራ ግን አማረችለት። ሰሌዳዋን በክር ግንዱ ላይ አሰራት። ከሥሩ በራሱ ሐሳብ አንድ መስመር ጨመረ፤ "ለወተት ዕቃ"። ምድጃው ሲበርድ ደግሞ ማንም ሳያዘው ጨርቅ አርሶ ጠረገው።

ማታ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ናት፣ የእህቴ ልጅ እኩያ። በራቸው ላይ ላለው ጌሾ ካርቶን ፈልጋ ነው።